ድንቹም ሽንኩርቱም ሳይፈተሹ አይፈረድባቸው
(በአዳማ ለአትክልት አምራቾች፣ ነጋዴዎችና የግብርና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አምራቾችና ነጋዴዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ በባክቴሪያ የሚመጣው ለስላሳ ብስባሴ፣ ማለትም አትክልትን አላሽቆ ውኃ የሚያደርገው በሽታ፣ በልዩ ልዩ አትክልቶች ላይ እንዴት እንደሚፈተሽ ነው። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ሁላችሁም የምታውቁትን ክርክር ላንሳ። ከመቂ ወይም ከባቱ የመጣ ሽንኩርት እዚህ ሲራገፍ ከጆንያው ሥር ውኃ ያንጠባጥባል። ነጋዴው «የታመመ ሸጠልኝ» ይላል፤ ገበሬው «ስሰጥህ ደህና ነበር» ይላል። ደላላው መሐል ይገባና ዋጋ ይቆርጣል። የሚቆረጠው ከማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ራስ እንኳ ተሰንጥቆ አልታየም! ገበሬው ደግሞ ለሚቀጥለው ምርት ተበድሮ ማንኮዜብ ይረጫል። ማንኮዜብ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ይህን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ብሩም ድካሙም ከንቱ ቀረ።

ዋናው ተጠያቂ ፔክቶባክቴሪየም ይባላል። የአትክልቱን ሕዋሳት አጣብቆ የያዘውን ፔክቲን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፤ ለዚህ ነው ድንቹ ከላይ ልጣጩ ደህና መስሎ ውስጡ የሚላሽቀው። ክርፋቱ ግን በአብዛኛው ከኋላ ተከትለው የሚገቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ስለዚህ አልሸተተም ብላችሁ አትዘናጉ።

ወደ ፍተሻው ልግባ። ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ያልተጫሩትን ምረጡ። በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። 5 ከመቶ በረኪና ከሆነ አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥናችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ድንቹንና ካሮቱን 1 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ፣ መዝኑ፣ መሐሉን በትንሹ ጎድጎድ አድርጉ። እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ክዳን ያለው ሳህን ላይ አስቀምጡ።

ናሙናው የሚወሰደው ከላሸቀው መሐል አይደለም። እዚያ የተሰበሰበው ተከታዩ ጭፍራ ነው። ጤነኛውና የበሰበሰው ከሚገናኙበት ጠርዝ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቁራሽ ወስዳችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ጥቂት ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ተዉአት፤ ከዚያ ከውኃው አንድ አንድ ጠብታ በጉድጓዶቹ ላይ ጣሉ። ከየዓይነቱ ቢያንስ ሦስት ቁራጭ ይህን ይቀበል፤ ሌላ ሦስት ደግሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ብቻ። እነዚህ ማነጻጸሪያዎቹ ናቸው። ተማሪዎች፣ ማነጻጸሪያ የሌለው ሪፖርት አታቅርቡ! ቢላዋውንም በየመሐሉ በ70 ከመቶ አልኮል ጥረጉ፤ የታመመውን በቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ከቆረጣችሁ ማነጻጸሪያውም ይላሽቅና ሁሉም ይምታታል።

ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል፤ የአዳማ ሰው ማሞቂያ ሣጥን አያስፈልገውም። በ24 እና በ48 ሰዓት ተመልከቱ። የላሸቀውን በቀስታ አጥባችሁ አውጡና የቀረውን መዝኑ። 40 ግራም የነበረው 28 ከሆነ 30 ከመቶው ጠፍቷል። ድንችና ካሮት ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሸነፋሉ። ቤተ ሙከራ ያላችሁ ባክቴሪያውን ለብቻው ለዩ፣ ጤነኛ አትክልት ላይ መልሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያም እንደገና ለይታችሁ አውጡት። በሽታ አምጪው እሱ ነው ማለት የሚቻለው ያኔ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። ከአንድ ጆንያ ሁለት ያልተጫሩ ድንቾች ውሰዱ። አንዱን በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ሌላውን በራሰ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩ። ባክቴሪያው ልጣጩ ላይ ካለ፣ በጥቂት ቀናት የራሰው ሲላሽቅ ደረቁ ደህና ሆኖ ታገኙታላችሁ። ገበሬው አንድ፣ ማሳው አንድ፣ ዘሩ አንድ! ልዩነቱ ውኃው ነው። የውኃው ሽፋን በድንቹ ልጣጭ ላይ ያሉትን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ድንቹ አየር ሲያጣ መከላከያው ይዳከማል፣ ተደብቆ የቆየው ባክቴሪያም ይነሣል።

ነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ብትቆጡም እናገራለሁ። ካሮቱን ለገበያ አምሮ እንዲታይ በአንድ በርሜል ውኃ ስታጥቡ አንዱ የበሰበሰ ካሮት ሌላውን ሁሉ ይበክላል። ከነእርጥበቱ በፕላስቲክ ማዳበሪያ ታጭቁታላችሁ፤ በላዩ ሸራ ትደርባላችሁ። ጆንያ ላይ ውኃ የሚያርከፈክፍም አለ፤ ለትኩስነት ነው ወይስ ለሚዛን? እንዲህ ተደርጎ ለበሰበሰው ገበሬው ለምን ይቀጣል? ከዛሬ ጀምሮ ጆንያ ሳይፈታ፣ ከላይም ከመሐልም ከሥርም ናሙና ሳይወጣ ዋጋ አይቆረጥ!

አምራቾችም ከወቀሳ አታመልጡም። ሽንኩርት ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ውኃ ይቁም። አንገቱ ሳይደርቅ አይቆረጥ፤ ሲቆረጥም 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ይተውለት። ድንች ሲቆፈር በዶማ የተወጋው ለብቻው ይለይ። ጭነቱ በቀዝቃዛ ሰዓት ይሁን።

የፍተሻ ናሙናዎቹ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ማነጻጸሪያዎቹ በግራ በኩል ያሉት ናቸው። ስትነኩ ጓንት አድርጉ። ቤታችሁ የምትሞክሩ ደግሞ ስትጨርሱ ቁራጮቹን አፍልታችሁ ወይም በረኪና ውስጥ አሳድራችሁ ጣሉ፤ ማሳ ዳር ወይም ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጥሉ። አመሰግናለሁ።