አሸዋው የማን ነው?

[በምስል፦ ሰው የሌለበት የባህር ዳርቻ። ማዕበል ይመጣል፣ ይመለሳል።]

እስቲ ይህን አሸዋ ልብ ብላችሁ እዩት። ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል። ግን መንገደኛ ነው። ወንዝ ከተራራ አውርዶታል። ማዕበሉ ደግሞ ጠረፍ ጠረፉን እየገፋ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ዳርቻው ሳይጠፋ የሚቆየው የሄደውን የሚተካ አሸዋ ስለሚመጣለት ነው። ገቢው ሲቋረጥ ባህሩ መሬቱን መብላት ይጀምራል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተቀናጀ የባህር ዳርቻ አስተዳደር ነው። ስሙ ረዘም ይላል። ሐሳቡን ለመረዳት ግን ከዚህ አሸዋ መነሳት ይበቃል። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

[በምስል፦ የአባይ ወንዝ ካርታ። ከአስዋን እስከ ሜዲትራኒያን ባህር በመስመር ይታያል።]

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ተጠናቀቀ። ግብፅ መብራት አገኘች፣ መስኖዋን አሰፋች፣ ጎርፍና ድርቅም ቀለለላት። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አባይ በየክረምቱ ከደጋው አጥቦ የሚያወርደው ደለል ከግድቡ ጀርባ ባለው ሐይቅ መቅረት ጀመረ። ባህሩ ከዚያ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጉዳቱ የታየው እዚያ ነው። ወንዙ ባህር በሚገባበት በሮዜታ መሬቱ ከግድቡ በፊትም መበላት ጀምሮ ነበር። ከግድቡ በኋላ ግን ፈጠነ። ጫፉ አካባቢ በዓመት ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ መሬት ወደ ባህር ሄደ።

ዓሣውም ተጎዳ። የጎርፉ ውሃ ይዞት የሚመጣው ምግብ ለሰርዲን መንጋ ድግስ ነበር። በ1962 ወደ 18,000 ቶን ሰርዲን ተይዞ ነበር። አስር ዓመት ሳይሞላ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ። ከዓመታት በኋላ ዓሣው መልሶ ጨምሯል። በመካከል የተራበው ዓሣ አጥማጅ ግን ያንን መጠበቅ ነበረበት።

ግድቡን የሚያቅድ መሐንዲስ የሚጠየቀው ስለ መብራትና ስለ ውሃ ነው። ዓሣው የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ጠረፉ ደግሞ የሌላ። አሸዋው ግን የማንም አይደለም። ለእኔ የችግሩ ሥር ይህ ነው።

[በምስል፦ ወደብ ከላይ ሲታይ። በአንድ በኩል አሸዋ ተከምሯል፣ በሌላው በኩል ጠረፉ ተቦርቡሯል።]

ወደብ ሲሠራ ማዕበል የሚከላከል ረጅም የድንጋይ ግንብ ወደ ባህሩ ይዘረጋል። ግንቡ ተጓዡን አሸዋ ያግደዋል። በአንድ ጎን ይከመራል። በሌላው ጎን ያለው መንደር አሸዋው ይቀርበትና ቤቱ በማዕበል ይፈርሳል። ያ መንደር በተራው ግንብ ሲሠራ ችግሩን ለቀጣዩ ጎረቤት ያስተላልፋል።

አንዳንዴ የሚጎዳው ራሱ ውሃው ነው። ከአሜሪካ መካከለኛ ግዛቶች እርሻዎች የታጠበ ማዳበሪያ በሚሲሲፒ ወንዝ አድርጎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። እዚያ አልጌ የሚባለውን የውሃ ውስጥ አረንጓዴ ተክል መሰል ነገር ያበቅላል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ከታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት ዓሣ የማይኖርበት ሰፊ የሞተ ቀጣና የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በቆሎ የዘራው ገበሬ ባህሩን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል።

[በምስል፦ ክብ ጠረጴዛ። ወንበሮቹ ቀስ በቀስ ይሞላሉ።]

የተቀናጀ አስተዳደር የሚለው ቀላል ነው። የባህር ዳርቻን የሚነኩ ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠው ይወስኑ። ወደብ፣ ዓሣ፣ ቱሪዝም፣ እርሻ፣ ውሃ፣ የከተማ ፕላን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያው የሚኖሩት ሰዎች። የሚያስተዳድሩት ክልልም ማዕበሉ በሚያርፍበት መስመር አያብቃ። ወደ ላይ ተፋሰሱን፣ ወደ ታች የባህሩን ወለል ይጨምር። ዕቅዱ አንዴ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ፤ ውጤቱ እየተለካ ይታረም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ የባህር ዳርቻ አስተዳደር ሕግ ያወጣችው በ1972 ነው። በ1992 በብራዚል ሪዮ ከተማ የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢና የልማት ጉባኤ የተስማማበት፣ አጀንዳ 21 የተባለው የሥራ ዕቅድ በ17ኛው ምዕራፉ አገሮችን ወደዚሁ መንገድ ጠራ። በ2008 ደግሞ የሜዲትራኒያን አገሮች ስለ ባህር ዳርቻ አስተዳደር ማድሪድ ላይ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የጋራ ስምምነት፣ ፈረሙ። በ2011 ጸና። ከዚያ ፕሮቶኮል የምወደው አንድ ነጥብ አለ። በብርዱ ወራት የባህሩ ውሃ ከሚደርስበት ከፍተኛ መስመር ጀምሮ ቢያንስ 100 ሜትር ግንባታ አይፈቀድም ይላል። የማይካተቱ ሁኔታዎች አሉት። መነሻው ግን ትክክል ነው፤ ባህሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይሻል።

[በምስል፦ ቺሊካ፣ ሕንድ። ጠባብ ጀልባዎች፣ ወፎች፣ ሰፊ ውሃ።]

አሁን በሥራ ላይ የታየውን እንመልከት። ቺሊካ በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኦዲሻ ግዛት ያለ ሰፊ ሐይቅ ነው። ከባህር ጋር በጠባብ አፍ ይገናኛል። ስለዚህ ውሃው ግማሽ ጨው ግማሽ ጣፋጭ ነው። ዓሣው፣ ሽሪምፑ፣ ዶልፊኑ ሁሉ በዚህ ቅይጥ ላይ የቆመ ነው።

ከላይ ደን ሲመነጠር ወንዞቹ ደለል ይዘው ወረዱ። ሐይቁ ጎደለ፣ ወደ ባህር የሚወጣበት ቦይም ተደፈነ። ጨዉ ሲቀንስ የጣፋጭ ውሃ አረም ወረረው። ዓሣ ጠፋ። በ1993 ቺሊካ በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ረግረጋማ ሥፍራዎች መዝገብ ገባ።

ቀድሞ የተቋቋመ የቺሊካ ልማት ባለሥልጣን ነበር። ሰብሳቢው የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ነው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደንን፣ ዓሣንና ውሃን የያዙት መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚመጡት ከሁሉም በላይ የሆነ ሰው ሲጠራቸው ነው። ባለሥልጣኑ ከላይ በተፋሰሱ ከመንደሮች ጋር አፈሩን መያዝ ጀመረ። ከታች ደግሞ የውሃውን እንቅስቃሴ አጥንቶ በ2000 አዲስ የባህር አፍ ከፈተ። የጨው ውሃ ተመለሰ። አረሙ ቀነሰ። በዓመት ከ2,000 ቶን በታች ወርዶ የነበረው ዓሣ በጥቂት ዓመታት ከ10,000 ቶን በላይ ሆነ። በ2002 ቺሊካ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ሁሉም ተፈታ ማለት ግን አይደለም። ሐይቁን በመረብ አጥረው ሽሪምፕ የሚያረቡ ሰዎችና በባህላዊ መንገድ የሚያጠምዱ ማኅበረሰቦች ለዓመታት ሲጋጩ ኖረዋል። ውሃው ሲድን ዋጋው ይጨምራል። የሚሻሙበትም ይበዛሉ። ማን ምን ያህል ይውሰድ የሚለው ጥያቄ የዕቅዱ አካል ካልሆነ ውሃውን ማዳን ብቻ አይበቃም።

[በምስል፦ ዴማክ፣ ጃቫ። ከውሃ ውስጥ የተተከለ የቀርከሃና የጭራሮ አጥር።]

የመጨረሻው ቦታ ኢንዶኔዢያ ነው። በማዕከላዊ ጃቫ፣ ዴማክ በሚባለው አካባቢ፣ ሰዎች የማንግሮቭ ደኑን ቆርጠው የሽሪምፕና የዓሣ ኩሬ ሠሩ። ማንግሮቭ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሥሩ ጭቃ ይይዛል፣ ማዕበል ያደክማል። እሱ ሲሄድ ባህሩ እርሻውንና መንደሩን እየዋጠ ገባ።

በ2010ዎቹ ነዋሪዎቹና ባለሙያዎች ከቀርከሃና ከጭራሮ አጥር ሠሩ። ውሃ ያሳልፋል፤ ደለሉን ግን ከጀርባው ያስቀራል። ጭቃው ከፍ ሲል ማንግሮቭ በራሱ እንዲበቅል ነው የታሰበው። በአንዳንድ ቦታ ጭቃው ተጠራቀመ፣ ችግኝም ብቅ አለ። እኔ ይህን አጥር ሳየው ልቤ ደስ ይለዋል። ቀላል ነው፣ ሰው በእጁ የሚሠራው ነው።

ነገር ግን መሬቱ ራሱ እየሰመጠ ነው። ለፋብሪካና ለከተማ የሚሆን ውሃ ከከርሰ ምድር በብዛት ይሳባል። ከሥር ያለው አፈር ይታመቃል፣ ላዩ በየዓመቱ በሴንቲሜትሮች ይወርዳል። በአጥሩ የተጠራቀመው ጭቃ ከዚያ ፍጥነት ጋር መሽቀዳደም አለበት። ጭራሮውን በየጊዜው የሚጠግኑት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ጉድጓድ ለመቆፈር ፈቃድ የሚሰጡት ግን እነሱ አይደሉም።

[በምስል፦ አጥሩ። ውሃው እየሞላ ይመጣል።]