ጉጃራት፦ ሐበሻ ያሠራው መስጊድ ያለበት የህንድ ጠረፍ

ሰላም ሰላም ወዳጆቼ! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ህንድ ነን። ዴልሂ አይደለም። ታጅ ማሃልም አይደለም፤ ታጅ ማሃልን ያልሠራ ቻናል የለም፣ እኔ ምን ልጨምርበት? ዛሬ ወደ ምዕራብ ነው የምንሄደው። ከፓኪስታን ጋር የምትዋሰን፣ የዓረብ ባሕር የሚያጥባት፣ ከህንድ ግዛቶች ሁሉ ረጅሙ የባሕር ጠረፍ ያላት ጉጃራት። የጋንዲ አገር። የነጋዴ አገር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኮመንት ላይ እንዳንጣላ።

በቀጥታ ወደ ትልቋ ከተማ፣ አህመዳባድ። ዋና ከተማዋ ጋንዲናጋር ናት፣ ጉልበቱ ግን ያለው አህመዳባድ ነው። ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1411 በሳባርማቲ ወንዝ ዳር ቆረቆራት፣ ስሟም ከእሱ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ "ፖል" የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። ጠባብ መንገድ፣ በር ያለው ሰፈር፣ በረንዳቸው በእንጨት ቅርጽ ያጌጠ ቤቶች። በየፖሉ መሃል ደግሞ ለወፍ እህል የሚበተንበት ከፍ ያለ ማማ ይቆማል። አዎ፣ ለወፍ! ለሰው መቆሚያ በሌለበት ሰፈር ወፍ የራሷ ፎቅ አላት። ዩኔስኮ ይህን አሮጌ ከተማ በ2017 መዘገበው፤ ከህንድ ከተሞች የዓለም ቅርስ ሲባል የመጀመሪያው ነው።

እሺ። አሁን ወደምወደው ቦታ።

ከተማው መሃል፣ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ በሚዞርበት አደባባይ አጠገብ አንድ ትንሽ መስጊድ አለ። በጣም ትንሽ። በመኪና ስታልፉ ላታዩት ትችላላችሁ። የሲዲ ሰዒድ መስጊድ ይባላል። ያሠራው ሲዲ ሰዒድ ሐበሻ ነው። የጉጃራት ሱልጣኔት ሊወድቅ ሲል የነበረ፣ ጁጅሃር ኻን በሚባል ሌላ የሐበሻ ጦር መሪ ሥር ያገለገለ ሰው። መስጊዱ የተሠራው በ1572 እና በ1573 ነው። ልብ በሉ፣ ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል መንግሥት ንጉሥ አክባር ጉጃራትን የያዘው በዚያው ጊዜ ነው። አገሩ እየተወረረ ሰውየው መስኮት ያስፈለፍላል።

መስኮቱ ነው እንግዲህ ጉዱ። በጎንና በኋላ ግድግዳው ላይ ቅስት ቅርጽ ያላቸው 10 የድንጋይ መስኮቶች አሉ። መስታወት የላቸውም። ድንጋዩ ራሱ ተፈልፍሎ መስኮት ሆኗል። "ጃሊ" ይሉታል እነሱ። ከሁሉም የታወቁት በኋላው ግድግዳ ያሉት የዛፍ ጃሊዎች ናቸው። ቀጭን ግንድ ይነሳል፣ ቅርንጫፉ ይጠመዘዛል፣ ከዘንባባው ጋር ይጠላለፋል፣ ቅጠሉ ቅስቱን ሞልቶ ይፈሳል። ድንጋይ ነው ይህ ሁሉ። ድንጋይ!

አሁን ቪዲዮውን ወደፊት እንዳታሳልፉት፣ ስሙኝ። ዳንቴል ታውቃላችሁ? ያ ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንዳንድ ቤት ፍሪጁ ላይ ሳይቀር የሚነጠፈው ነጭ ዳንቴል። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣው። "እጅህን ታጥበሃል?" የምንባልበት። የዳንቴል ውበቱ ምኑ ላይ ነው? ክሩ ላይ ይመስላችኋል። አይደለም፣ ቀዳዳው ላይ ነው። ክሩ አንድ ዓይነት ነጭ ክር ነው፤ አበባውን አበባ የሚያደርገው ባዶው ቦታ ነው። ኪሮሽ የሚሠሩ እናቶችን አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይቆጥራሉ። የቱ ጋ እንደሚሞሉ፣ የቱ ጋ እንደሚዘሉ። አንድ ቀዳዳ ከሰፋ ቅጠሉ ቅጠል መሆኑ ይቀራል። ደግሞ ዳንቴል ብቻውን ምንም አይደለም። ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ስታነጥፉት ነው የሚናገረው። ነጭ ጠረጴዛ ላይ? ጠፋ።

የአህመዳባዱ መስኮትም እንደዚያው ነው። ድንጋዩን አትዩ፣ ቀዳዳውን እዩ። ከውስጥ ቆማችሁ ስታዩ ድንጋዩ ጥቁር፣ ቀዳዳው ብርሃን ይሆናል። ከውጭ ስታዩ ተገላቢጦሽ። ያው አንድ መስኮት ሁለት ሥዕል ነው። ልዩነቱ የት መሰላችሁ? ዳንቴል ላይ ከተሳሳቱ ይተረተራል። ክሩን ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ፣ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። ድንጋይ አይተረተርም። አንዲት ቅጠል ከተሰበረች ተሰበረች። እዚያ መዶሻ የያዙት ሰዎች ልባቸው እንዴት ይመታ እንደነበር ሳስበው የእኔ ይመታል።

ቴክኒኩን ባጭሩ። ጃሊ ፀሐይን ይሰባብራል፣ ነፋስን ያስገባል፣ የውስጡን ሰው ከውጭ እንዳይታይ ይከልላል። ጉጃራት ሞቃት ስለሆነ ያስፈልጋል። ከህንድ ሲታይ መካ በምዕራብ ስለሆነ የመስጊዱ የኋላ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ የዛፍ መስኮቶቹን የከሰዓት ፀሐይ ታገኛቸዋለች። በከሰዓት ሂዱ ማለቴ ነው። አለቀ። ፊዚክሱን የፈለገ ፊዚክስ ቻናል ይሂድ።

አንድ ቅስት ደግሞ ተደፍኗል፣ መሃሉ ላይ። ዛፍ የለውም። ሥራው ሳያልቅ የአክባር ጦር ስለደረሰ ነው የሚል ታሪክ እዚያ ትሰማላችሁ። ሲዲ ሰዒድ በ1576 ሞቶ በዚያው ግቢ ተቀብሯል። እንግሊዞች በኋላ መስጊዱን የመንግሥት ቢሮ አድርገውት ነበር፤ እዚያ መስኮት ሥር ማህተም ሲመታ ይታያችሁ። ዛሬ የአህመዳባድ ታዋቂው የማኔጅመንት ትምህርት ቤት አርማው ከዚህ ዛፍ የተወሰደ ነው። ሐበሻ ያሠራው መስኮት የኤምቢኤ ዲግሪ ላይ አለ!

ወደ ፓታን ልወስዳችሁ ነበር። ግን አልተቻለም። ኮመንት አስቸገረኝ።

ስለ ጉጃራት ቪዲዮ እንደምሠራ ከተናገርኩ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ማሊክ አምባር የነገሠበት አገር አይደለም?" አይደለም። ስሙት፣ አይደለም። ማሊክ አምባር ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ፣ ደካን በሚባለው የህንድ ደቡባዊ አምባ ምድር ትልቅ የጦር መሪና የመንግሥት አስተዳዳሪ የሆነ፣ ሙጋሎችን ያስጨነቀ ሰው ነው። በ1626 ሞተ። የነበረው ግን አህመድናጋር ሱልጣኔት ነው፤ ያ ዛሬ ማሃራሽትራ ውስጥ ነው። አህመድናጋርና አህመዳባድ ሁለት ናቸው። ደግሞም ማሊክ አምባር ንጉሥ አልነበረም፤ ንጉሥ ያነግሥ ነበር። እሱ እንዲያውም ይበልጣል በሉ ካላችሁ አልከራከርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል። "እዚያ ያሉት ሲዲዎች ወገኖቻችን ናቸው፣ አማርኛ ይናገራሉ ይባላል፣ ለምን አንመልሳቸውም?"

ኧረ ተው። ወዴት ነው የምትመልሷቸው?

ሲዲዎች፣ ማለትም ከአፍሪካ ወደ ህንድ የሄዱ ሰዎች ዘሮች፣ አሉ። ጉጃራት ውስጥ በጊር ደን አካባቢ ያለችው ጃምቡር መንደር የእነሱ ናት፤ ባሩች አጠገብ ያለችው ራታንፑርም አለች። መልካቸው አፍሪካዊ ነው፣ እውነት ነው። የሚናገሩት ግን ጉጃራቲ ነው። የሚበሉት የጉጃራት ምግብ ነው። ክሪኬት ሲኖር ሕንድን ነው የሚደግፉት። ዘራቸውንም ብትሉ፣ የዘረመል ጥናቶች በብዛት የሚያገናኟቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የባንቱ ሕዝቦች ጋር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ ህንድ ሰው የተጫነው ከቀይ ባሕር ወደቦች ብቻ አልነበረም፤ ከዛንዚባርም፣ ከሞዛምቢክም ለዘመናት ተጭኗል። ህንድ ሲደርስ ግን አፍሪካዊው ሁሉ "ሐብሺ" ይባል ነበር። ስሙ የእኛ ስለሆነ ሰዎቹ ሁሉ የእኛ ናቸው ማለት አይቻልም። ሲዲ ሰዒድ ሐበሻ ነው ስንል የጃምቡር ልጅ የልጅ ልጁ ነው ማለታችን አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ ምኑ መሰላችሁ? ሰው ካሜራ ይዞ ሄዶ "የጠፉ ወንድሞቻችን" ብሎ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ጨምሮበት ይመጣል። እነሱ አልጠፉም። ቤታቸው ናቸው። ራታንፑር ላይ ባቫ ጎር የሚባል አፍሪካዊ ቅዱሳቸው መቃብር አለ። የከበረ ድንጋይ ነጋዴ ነበር ይባላል፤ የአካባቢው የአጌት ድንጋይ ሥራ ባለቤት አድርገው ያከብሩታል። ሙስሊሙም ሂንዱውም ሊሳለም ይመጣል። ጭፈራቸውን ካያችሁ ደግሞ፣ ከበሮ እየተመታ ኮኮናት ወደ ላይ ይወረወራል፣ ሲወርድ በአናት ይፈነከታል። በአናት! ቤታችሁ እንዳትሞክሩት፣ ቻናሉ ኃላፊነት አይወስድም።

እውነተኛ ግንኙነት ከፈለጋችሁ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ እዩት። ከጉጃራት ወደ እኛ የመጡ አሉ። ምጽዋና ሐረር የነበሩት "ባንያን" የምንላቸው ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከዚህ ጠረፍ ናቸው። በሐረር ጀምሮ አዲስ አበባ የገነነው የመሐመድአሊ ኩባንያ ቦህራ የሚባሉ የጉጃራት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው የተዘጋው። ስለዚህ ቪዲዮ ልሥራ? "ሥራ" ካላችሁ ሰብስክራይብ አድርጉና ጻፉልኝ። ሰብስክራይብ ሳያደርግ የሚያዝዘኝን አልሰማም።

እሺ፣ ፓታን። የቀድሞ ዋና ከተማ ናት። እዚያ "ራኒ ኪ ቫቭ" የሚባል የውሃ ጉድጓድ አለ፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ንግሥት ኡዳያማቲ ለሟች ባሏ ለንጉሥ ብሂማ መታሰቢያ ያሠራችው። ባልዲ የሚወርድበት ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ሰው ነው በደረጃ የሚወርደው፣ 7 ደርብ ወደታች። ለምን? ጉጃራት ዝናቡ በክረምቱ ወራት ተጨናንቆ ይዘንብና ከዚያ ድርቅ ነው። ውሃው በዓመት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ደረጃ ካለ ውሃው የትም ይድረስ አንተ ትደርስበታለህ። ግድግዳው ላይ ከ500 በላይ ትልልቅ ቅርጻ ቅርጾች አሉ። ወንዙ ሞልቶ በደለል ለዘመናት ተቀብሮ ቆየ፣ ደለሉም አተረፈው። አሁን ባለ 100 ሩፒ ኖት ላይ አለ።

ምግብ ላይ አስጠንቅቄያችሁ ልለፍ። ጉጃራት በብዛት ሥጋ አይበላም። ሐበሻው "እሰይ፣ የጾም ምግብ" ይላል። ቆይ! ሥጋ የለም ማለት ጾም ነው ማለት አይደለም። ቅቤው፣ እርጎው፣ ወተቱ አይጣል ነው። ነፍስ ያለውን ሁሉ ላለመጉዳት የሚጠነቀቅ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ጄይኖች፣ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የለም። ያለ ሽንኩርት ወጥ! እናቴ ብትሰማ ፖሊስ ትጠራለች። ግን ይጣፍጣል፣ ምስሩ ውስጥ ስኳር እስኪጨምሩ ድረስ። እዚያ ላይ አልስማማም። መጠጥም የለም፤ ግዛቲቱ ከተመሠረተችበት ከ1960 ጀምሮ አልኮል ክልክል ነው። የውጭ ዜጋ ፈቃድ አውጥቶ መግዛት ይችላል።

መቼ ይሻላል ለምትሉ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደህና ነው። ጃንዋሪ 14 ከሄዳችሁ የካይት በዓል ነው፣ ከተማው በሙሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ጋርባ የሚባለውን ጭፈራ የምትወዱ ግን ናቭራትሪ በሚባለው የሂንዱዎች በዓል ሂዱ፤ 9 ሌሊት ነው፣ ክብ ሠርቶ መዞር፣ እስኪነጋ።

የመጨረሻ ምክር፣ ለእህቶች። ፓታን "ፓቶላ" የሚባል የሐር ሳሪ ይሸመናል። ድሩም ማጉም ገና ሳይሸመን በፊት በጥለቱ ልክ እየታሰረ ቀለም ይነከራል፤ አንዱን ለመጨረስ ወራት ይወስዳል። ዋጋውን አልናገርም፣ ቪዲዮውን ትዘጉታላችሁ። ርካሽ አግኝቻለሁ ያለች ካለች ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን ትይ። እውነተኛው በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ጀርባው ከደበዘዘ የታተመ ጨርቅ ነው፣ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ።