«ዩናሚር ይመጣልናል»

እሺ... ሰላም ናችሁ? ለዛሬ የያዝኩትን ርዕስ ትቼዋለሁ፣ ይቅርታ። ከሩዋንዳ ዋና ከተማ ከኪጋሊ ከተመለስኩ 12 ቀኔ ነው። አሁንም ከዚያች ክፍል የወጣሁ አይመስለኝም።

ኪጋሊ ውስጥ፣ ጊሶዚ ያለው የዘር ጭፍጨፋው መታሰቢያ ነው። ግቢው ውስጥ ከ250,000 በላይ ሰው ተቀብሯል። አበባው፣ ጸጥታው፣ ኮረብታው... እሱን ሌላ ጊዜ። እኔን የያዘኝ የልጆቹ ክፍል ነው።

ትልልቅ ፎቶዎች አሉ። ከሥራቸው አጭር ጽሑፍ። የሚወደው ምግብ፣ የሚወደው ጨዋታ። ከዚያ እንዴት እንደተገደለ። እንዲሁ፣ በተከታታይ።

አንዱ 10 ዓመቱ ነው። ኳስ ይወዳል። ሰው ማሳቅ ይወዳል። ሐኪም የመሆን ሕልም ነበረው። አሰቃይተው ነው የገደሉት። የመጨረሻ ቃሉ ደግሞ «ዩናሚር ይመጣልናል» የሚል ነው።

አንብቤ አለፍኩ። ሁለት ፎቶ አለፍኩና ተመለስኩ። ደግሜ አነበብኩት። «ይመጣልናል።» ለእኔ አላለም እኮ፣ ለእኛ ነው ያለው። አጠገቡ ሰው ነበረ ማለት ነው። እያጽናና ነበር? ወይስ ሌላ ሰው ሲል ሰምቶ ነው የደገመው?

ዩናሚር ማለት ያኔ ሩዋንዳ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ነው። ግድያው በተጀመረ በሁለት ሳምንቱ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1986፣ የጸጥታው ምክር ቤት ከ2,500 ገደማ ወታደር 270 ብቻ ይቅር ብሎ ወሰነ። ኒው ዮርክ ተቀምጠው፣ እጅ አውጥተው። ይሄን ሳስብ እንደገና እናደዳለሁ...

እና ጋሼ ትዝ አለኝ።

የሬዲዮኑን ጋሼ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲገባ ሬዲዮኑን ዝቅ የሚያደርገው፣ ማውራት ካልፈለገ ደግሞ እንዳለ የሚተወው። ሰላም አስከባሪ ሆኖ ሩዋንዳ እንደሄደ ግን ነግሬያችሁ አላውቅም። የኢትዮጵያ ሻለቃ ነሐሴ ላይ ነው የደረሰው። ያን ጊዜ ግድያው አብቅቷል። በመቶ ቀን ከ800,000 በላይ ሰው አልቋል።

ልጅ ሆኜ ሰማያዊ ቤሬታውን ከቁምሳጥኑ አውጥቼ አጠለቅኩት። ወታደር ወታደር ልጫወት። መጣ፣ ከራሴ ላይ አነሳው። አልተቆጣም። አጥፎ መልሶ አስቀመጠው፣ በቃ። ስንት ዓመት «ጋሼ ለምን ዝም አለኝ?» ስል ኖርኩ። እዚያ ፎቶ ፊት ቆሜ የገባኝ መሰለኝ። አሁን ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ጨርቁ እንዳይቆሽሽበት ብሎም ይሆናል።

የዚያኑ ቀን ማታ ደግሞ የተጠበሰ ሥጋ በላን። ከተማው ንጹህ ነው፣ አየሩ ደስ ይላል። ሞተረኛው ሄልሜት ሰጥቶኝ በኮረብታዎቹ መሃል ስንከንፍ ሳቅኩኝ፣ ከልቤ። ወዲያው አፈርኩ። ሰዎቹ ግን እዚያው ይኖራሉ፣ ይስቃሉ... እኔ ማን ነኝ?

እሁድ ጋሼ ጋ እሄዳለሁ። ልንገረው? የዘገየው እሱ አይደለም። ወታደር ሂድ ሲባል ነው የሚሄደው። ግን የዚያን ልጅ ቃል ቡና እየጠጣን እንዴት ብዬ ነው የማወጣው? ዝም ካልኩ ደግሞ ልጁን... አላውቅም። ምናልባት ጋሼ ይሄን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። እዚያ ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ነግረውት ይሆናል።

ሬዲዮኑን ዝቅ ካደረገው እነግረዋለሁ። ካላደረገው... እንጃ።