ቆም ብሎ ማየትና ማየት ማቆም

እንደምን ዋላችሁ። ተማሪዎቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የእንግሊዝኛ ክበቡ ልጆች «ለመዝጊያው ትንሽ ነገር ይናገሩልን» ሲሉኝ «ስለ ምን?» አልኳቸው። «የፈለጉትን» አሉኝ። እንግዲህ ራሳቸው ናቸው የፈቀዱልኝ። ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላወራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ከደሴ ኮምቦልቻ ስላደረገው ጉዞ ጻፈ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ወረደ። ሾፌሩና ረዳቱ ከጎማው ጋር ሲታገሉ ልጁ ጠርዙ ጋ ሄዶ ቁልቁል ኮምቦልቻን አየ። ይቺን ነገር በእንግሊዝኛ «አይ ስቶፕድ ሉኪንግ አት ኮምቦልቻ» ብሎ ጻፋት። ቆሜ አየሁ ማለቱ ነው። የጻፈው ግን «ኮምቦልቻን ማየት ተውኩ» ሆኖ ቁጭ አለ። የተኳረፉ ነው የሚመስለው። ምን አድርጋው ይሆን? ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ማለት የነበረበት «አይ ስቶፕድ ቱ ሉክ» ነው። ከ«ስቶፕ» ቀጥሎ «ኢንግ» ያለበት ግስ ከመጣ፣ የሚቆመው ያው ሥራ ነው። «ቱ» ከመጣ ግን የሚቆመው ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ሊሆን ይችላል፣ ወሬው ሊሆን ይችላል። ማየቱ ገና ሊጀመር ነው። አብሽሩ፣ ይሄ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ለማየት ቆመ» እና «ማየት አቆመ» እንላለን፤ ማንም አይሳሳትም። ቆመ፣ አቆመ። አንዲት «አ» ናት የለየቻቸው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያው «ስቶፕ» ስለሆነ፣ የ«አ»ን ሥራ ለ«ቱ» እና ለ«ኢንግ» ሰጣቸው።

ደግሞ «ቆመ» ሌላ፣ «ቆም አለ» ሌላ ነው። ገበያ የምትሄድ እናት አስቡ። በርበሬ የተዘረጋበት ጋ ስትደርስ ቆም ትላለች። ጎንበስ ብላ ዛላውን ታያለች፣ በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፣ ቀና ብላ ሻጯን ታያለች፣ ምንም ሳትል መንገዷን ትቀጥላለች። ቆመች ብንል አንድ ሰዓት የተገተረች ይመስላል። ቆም አለች ስንል ግን እግሯ ገና መንገድ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሌላ ግስ መጥራት አለበት፤ «ፖዝ» ይላል። ፈተና ላይ ግን ሁላችሁም «ስቶፕ» ብቻ ነው የምትጽፉልኝ። ማየትም እንዲሁ ነው። አየት ማድረግ «ግላንስ»፣ ማፍጠጥ «ስቴር»፣ በበር ቀዳዳ ማጮለቅ «ፒክ» ነው። «ሉክ» ብቻውን ሁሉንም አይሸከምም።

አሁን ወደ መሄዱ እንምጣ። እዚህ ጋ ደሴ ጥሩ መምህር ናት፤ ከዳገት ወይ ከቁልቁለት ውጪ ምን መንገድ አላት? ልጅ እየሮጠ ሲወርድ «እየሮጠ ወረደ» እንላለን። ዋናው ግስ «ወረደ» ነው፣ አቅጣጫው። ሩጫው አጃቢ ነው። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ «ራን ዳውን» ይላል። ሩጫው ዋና ግስ ሆነ፣ መውረዱ «ዳውን» በምትባል ትንሽ ቃል ውስጥ ገባ። እየዘለለ ገባ፣ እየዳኸ ወጣ፣ እያነከሰ ተሻገረ፤ ሁሉም እንደዚያው ይገለበጣሉ። ሌናርድ ታልሚ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ቋንቋዎች በዚህ ነገር እንደሚለያዩ አሳይቷል። ስፓኒሽ መንገዱን ግሱ ውስጥ ያስገባል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ አካሄዱን። በዚህ በኩል እኛ ለስፓኒሾቹ እንቀርባለን። ለዚህ ነው ልጆቻችን «ሂ ኢንተርድ ራኒንግ» የሚሉት። ስህተት አይባልም፤ ግን አማርኛ አማርኛ ይሸታል።

አንድ የምወዳት ስህተት ደግሞ አለች። «ዎኪንግ ዳውን ሐረጎ፣ ኮምቦልቻ አፒርድ።» እንግሊዝ ይህን ሲያነብ ኮምቦልቻ ራሷ፣ ከነፋብሪካዋ፣ ሐረጎን በእግሯ ስትወርድ ይታየዋል። እኛ «ሐረጎን ስወርድ ኮምቦልቻ ታየችኝ» ስንል «ስወርድ» ውስጥ «እኔ» ተቀምጫለሁ። የእንግሊዝኛው «ኢንግ» ግን ባለቤት አይዝም። ከኮማው በኋላ መጀመሪያ ያገኘው ስም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ከኮማው ቀጥሎ «አይ ሶው» በሉ፤ ከተማዋ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች።

የመጨረሻዋ ስለ ፍየል ናት። «ፍየሏ አስፋልቱን ስትሻገር አየሁ» እንላለን። እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ይጠይቃችኋል፤ ጨርሳ ተሻግራለች ወይስ መሀል ላይ ናት? «ሶው ኢት ክሮስ» ካላችሁ ተሻግራለች፣ አይታችኋታል። «ሶው ኢት ክሮሲንግ» ካላችሁ ግን ያያችሁት መሀሉን ነው። ከዚያ በኋላ ስለሆነው አልተናገራችሁም። ሲኖትራክ መጥቶም ሊሆን ይችላል።

ከምሳ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ የምትመለሱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መስኮት ጋ ተቀመጡና ከሐረጎ ስላያችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ። ሰኞ እሰበስባለሁ። ያ ልጅ፣ ባለ ጎማው፣ ዛሬ እዚህ ከመምህራኑ መሀል ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ እየሳቀ ያለው እሱ ነው።

አመሰግናለሁ።