ጌጡን የት ላድርገው?

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ጠረጴዛ ላውራችሁ።

እንደምታውቁት የእንጨት ሥራ ሠልጣኝ ነኝ። የማጠቃለያ ሥራችን ከንድፍ እስከ ቫርኒሽ በራሳችን የምንሠራው ዕቃ ነው። እኔ የሳሎን ጌጠኛ ጠረጴዛ መረጥኩ። አብዛኛው ሰው ጌጠኛ ጠረጴዛ ሲባል የሚታየው የጠረጴዛው የላይኛው ፊት ነው፤ አበባ የተቀረጸበት፣ አንበሳ የተቀረጸበት።

እስቲ የእኛን ሳሎን አስቡት። ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል ተነጥፏል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ሪሞት፣ የስልክ ቻርጀር። ስንት ቀን በመሮ የለፋህበትን ቅርጽ ማን ሊያየው ነው? ደግሞም የተቀረጸ ፊት ላይ ስኒ ቀጥ ብሎ አይቆምም። የፈንዲሻው ፍርፋሪ እየገባበት፣ በስቴኪኒ ሲጎረጉሩ መዋል ነው።

ቡና ሲፈላስ? ግማሹ ሰው በርጩማ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጠረጴዛው ጎንና እግሩ ላይ ነው። ስለዚህ ፊቱን ልሙጥ አድርጌ፣ ጌጡን በሙሉ ወደ ጎን አወረድኩት። መምህሬ ንድፉን አይቶ «ታዲያ ጌጡ የት አለ?» አለኝ። በርጩማ ስቤ ቁጭ አስባልኩት። ሳቀ፣ ግን ፈረመልኝ።

የቅርጹን ሐሳብ የወሰድኩት ከይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ ያለው፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው ቤተ ክርስቲያን። ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነባበረ ነው። ጣሪያው ደግሞ በጌጠኛ እንጨት የተዋበ ነው፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው አንገቱ እስኪዝል ነው የሚያየው። እኔ የወሰድኩት መደራረቡን ነው፤ አንድ ጠቆር ያለ መስመር፣ አንድ ነጣ ያለ መስመር፣ በጠረጴዛው ጎን ዙሪያውን። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚሳለው የሐረግ ጌጥም አምሮኝ ነበር። ግን ሐረግ ይጠማዘዛል። መሮ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ሲሄድ እንደ ቅቤ ነው፤ መስመሩን ተቃርኖ ሲዞር ግን ይፈነቅላል። ለሐረግ ገና እጄ አልደረሰም፣ ይቆየኝ።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ከበሮውም ከእሱ፣ የጅማ በርጩማውም ከእሱ። ለመሮ ይመቻል፤ ሲላግ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለሙ ይወጣል። ግን ዋንዛን እንደ ልብ መቁረጥ ቀርቷል። በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ተከልክሎ ነበር፤ ያ አዋጅ በኋላ በሌላ ተተክቷል። እኔ የተጠቀምኩት ከፈረሰ አሮጌ ቁም ሣጥን የወጣ ሳንቃ ነው። ይኸኛው ዓመታት ሳሎን ውስጥ የኖረ፣ በደንብ የደረቀ ነው። ችግሩ ምስማሩ ነው። መላጊያ ከማስነካታችሁ በፊት ሳንቃውን በማግኔት ፈትሹት። አንዲት የተሰበረች ምስማር ስለቱን ትበላዋለች።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ይንቀሳቀሳል። ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። በቁመቱ ምንም አይል ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን በግልጽ ይሰፋል፣ ይጠባል። ስለዚህ የጠረጴዛውን ፊት እግሮቹን ከሚያያይዘው ከታችኛው ክፈፍ ጋር በኮላ ድርቅ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው፣ በጋ ሲገባ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ተሰነጠቀ ማለት ነው። ሰዉ ሻጩን ይራገማል፣ «እርጥብ እንጨት ሸጠልኝ» ብሎ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአያያዙ ነው። እኔ የብሎኑን ቀዳዳ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጌ ከፈትኩት። ፊቱ ሲሰፋ ብሎኑ እዚያው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ማንም አያየውም።

ለእግሩ ምስማር አልነካሁም። እግሩ ላይ በመሮ ጉድጓድ ከፈትኩ፣ የክፈፉን ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ ምላስ አደረግኩት። ምላሱ በእጅ ግፊት መግባት አለበት፤ መዶሻ ከጠየቀ ጠብቧል፣ እየተወዛወዘ ከገባ ላልቷል። ከዚያ ኮላ፣ አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ፣ ማዕዘኑን የሚለካ እስኳድራ፣ እና እስከ ነገ ዞር ማለት። ይህን «እስከ ነገ» መታገሥ ከቀረጻው ይከብዳል፣ እውነቴን ነው።

አሁን ብርጭቆ ወረቀት ላይ ነኝ። ቫርኒሹ ሳይቀባ ግን ቤት ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። እናቴ ፊቱ ላይ መስታወት ይደረግበት ትላለች፣ ጀበና እንዳያቃጥለው። ጀበናው ማቶት አለው እላታለሁ። «ማቶቱን ማን ያስታውሳል?» ትላለች። እሷም ልክ ነች። ቫርኒሽ በሙቅ ነገር ነጭ ክብ ያወጣል። በሚቀጥለው ክፍል ማን እንዳሸነፈ እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያ ጠረጴዛ ያላችሁ ሰዎች መስታወት አድርጋችሁ እንደሆነ ጻፉልኝ።