ለልጆቻችን አሳዳሪና ሞግዚት በኑዛዜ ስለ መሰየም፦ በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ሰብሳቢና የኮሚቴ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

እድራችን ሰው ሲሞት ማድረግ ያለበትን ያውቃል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ገንዘቡ ሳይዘገይ ለቤተሰቡ ይደርሳል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የሚመጣውና በጥብቅና ሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነው፤ ይኸውም አባትም እናትም ያለፉባቸው ሕፃናት ከማን ጋር ይኖራሉ፣ የቀረላቸውንስ ንብረት ማን ይጠብቅላቸዋል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ወላጅ ራሱ በሕይወት ሳለ እንዲመልሰው ሕጋችን ፈቅዶለታል፤ የሚያሳዝነኝ በዚህ ፈቃድ የሚጠቀም ሰው እምብዛም አለመኖሩ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላ ልጅ ሁለት ኃላፊነቶችን ለይቶ ደንግጓል። አሳዳሪ የሚባለው የልጁን ደኅንነት፣ ጤና፣ አስተዳደግና ትምህርት የሚከታተለው ሲሆን፣ ሞግዚት የሚባለው ደግሞ ልጁን በገንዘብና በንብረት ጉዳይ የሚወክለው ነው። አባትና እናት በጋብቻ ላይ ሳሉ ሁለቱንም ኃላፊነት በጋራ ይይዛሉ፤ አንዳቸው ቢሞቱ በሕይወት የቀረው ብቻውን ይቀጥላል። እርሱም ከሞቱ በኋላ የልጆቹ አሳዳሪ ወይም ሞግዚት የሚሆነውን ሰው በኑዛዜ መሰየም ይችላል። ስለዚህ ባል ወይም ሚስት የሞተባችሁና ልጆቻችሁን ብቻችሁን የምታሳድጉ አባላት፣ ይህ ንግግር ከሁሉ በፊት ለእናንተ የተዘጋጀ መሆኑን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሁለታችሁም በሕይወት ያላችሁ ባልና ሚስትም ብትሆኑ በአንድ መኪና ወደ አገር ቤት የምትሄዱበት ቀን አለና፣ ጉዳዩ አይመለከተንም ብላችሁ አትለፉት።

ወላጅ ማንንም ሳይሰይም ቢሞት ሕጉ ልጁን ሜዳ ላይ አይጥለውም። አስቀድሞ አያቶችን፣ እነርሱ ከሌሉ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችንና እኅቶችን፣ እነርሱም ከሌሉ አጎትንና አክስትን በተራ ይጠራል። ተራው ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን ሕጉ አያትየው ከአልጋ መነሣት እንዳቃታቸው፣ አጎትየው በቤቱ ጉዳይ ከሟች ጋር ሲካሰስ እንደኖረ፣ ልጆቹ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት የእናታቸውን የልብ ጓደኛ እንደሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚያውቀው ወላጅ ብቻ ነው። የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት መሆንም፣ በሃይማኖታችን የከበረ ዝምድና ቢሆንም፣ በራሱ ሕጋዊ አሳዳሪነትን አያስገኝም። ልጆቻቸውን ለእናታቸው አደራ ብለው ወደ አረብ አገር የሄዱ እኅቶቻችንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአያትየው የተላከው ውክልና ወካይዋ በሞተች ዕለት ያበቃል። ውክልና የኑዛዜን ሥራ አይሠራም፤ ኑዛዜም በወኪል አይደረግም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በሦስት ዓይነት ከፍሎታል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ከዚያም በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። እኛ ዘንድ የተለመደው ስሕተት አባወራው ወረቀቱን ቤቱ ፈርሞ ሲያበቃ ልጁን ልኮ ከምስክሮቹ ቤት ለቤት ፊርማ ማሰባሰቡ ነው። በሁሉም ፊት ያልተነበበና መነበቡ ያልተጻፈበት እንዲህ ያለ ኑዛዜ ተቃዋሚ በተነሣበት ቀን ፈራሽ ይሆናል።

ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስፍሮ፣ ቀን ጽፎ የሚፈርመው ነው። ይህ ምስክር አያስፈልገውም፤ ሆኖም በ7 ዓመት ውስጥ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። ሦስተኛው በቃል የሚደረገው ሲሆን ሞት መቅረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። በቃል ኑዛዜ ቤትና መሬት ማከፋፈል አይቻልም፤ ሕጉ ከፈቀዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ግን ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት መናገር ነው። ሕግ አውጪው በአልጋ ላይ ያለች እናት ስለ ልጆቿ የምትለውን መስማት ፈልጓል፤ እኔም ይህን አንቀጽ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ግን ያ ቃል ስለሚሻር በጽሑፍ መተካት አለበት።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዝ አይችሉም። ይህ ብዙዎችን ይገርማቸዋል፤ ሕጉ እንዲህ ያለውን የጋራ ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋል። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጻፉ፤ ተመካክራችሁ በሁለቱም ላይ አንድ ስም አስፍሩ።

አጻጻፉ ረጅም መሆን የለበትም። «እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ተናዛዥ፣ ከሞትሁ በኋላ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ላልሞላ ልጆቼ ታናሽ እኅቴ አሳዳሪ እንድትሆን፣ ንብረታቸውንም የባለቤቴ ወንድም በሞግዚትነት እንዲያስተዳድር ተናዝዣለሁ፤ እኅቴ ባትኖር ወይም ባትችል አክስቴ ትተካ» ማለት ይበቃል። የእያንዳንዱ ሰውና የእያንዳንዱ ልጅ ስም እስከ አያት ይጻፍ። ማሳደግንና ገንዘብ መያዝን ለሁለት ሰዎች መክፈል አለመተማመን መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ በእኔ እምነት ግን አንዱ ሌላውን ስለሚጠይቀው ለልጁም ለአሳዳሪውም ክብር ይበጃል።

ከሁሉ በፊት ግን የምትመርጡትን ሰው ጠይቁት። ቀብር ላይ ስሙ ሲነበብ የሚደነግጥ አሳዳሪ ለማንም አይጠቅምም። የቤቱን ስፋት፣ የራሱን ልጆች ቁጥር፣ ከልጆቻችሁ ጋር ያለውን ቅርበት አብራችሁ ተነጋገሩ፤ ልጁም ነፍስ ያወቀ ከሆነ አሳቡን ስሙት፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም የልጁ ጥቅምና ፍላጎት መታየቱ አይቀርም። ሙስሊም አባሎቻችን በፈቃዳቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤትን ለሞግዚትነትና ለኑዛዜ ጉዳይ መምረጥ ስለሚችሉ፣ ከመጻፋቸው በፊት እዚያም ምክር እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

በመጨረሻም ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በአባላት መዝገባችን ላይ የቤተሰብ ስም በሚሞላበት ገጽ «ኑዛዜ አለ ወይስ የለም፣ ካለስ የት ተቀምጧል» የሚል አንድ ረድፍ ይጨመር፤ የኑዛዜው ይዘት የማንም ጉዳይ ስላልሆነ አይጻፍ። ፈቃዳችሁ ከሆነ በዛሬው ውሳኔ ላይ ይካተት፤ ጸሐፊያችንም ለመጪው ወርኃዊ ስብሰባ አዲሱን ቅጽ ያዘጋጁልን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።