ማታንሳስ፣ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ

እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ነኝ። ባለፈው ኩባ ውስጥ፣ ማታንሳስ ከተማ፣ መሠዊያ ስላለበት ቤት ጀምረን ምግቡ ላይ ሰዓት አለቀብን። ዋናው ነገር ግን ምግቡ አልነበረም።

ኦሩ ሴኮ የሚሉት ሥርዓት አለ። ዘፈን የለበትም። ሦስት የባታ ከበሮዎች መሠዊያው ፊት ሆነው ኦሪሻ ለሚሏቸው አማልክት በየተራ ይመታሉ። መጀመሪያ ለኤሌጓ ነው፤ መንገድ የሚከፍተው እሱ ነው። ከበሮው ጭን ላይ ይጋደማል፣ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ አለው። ትልቁ ኢያ ይጣራል፣ ኢቶቴሌ ይመልስለታል፣ ትንሹ ኦኮንኮሎ ምቱን ይዞ ይቆያል። ኢያው ላይ ቃጭሎች ታስረዋል፤ መቺው ገና ነቅነቅ ሲል ይንሿሿሉ።

እና ልጅቷ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። በሩን ተደግፋ የኦኮንኮሎን ምት በጣቶቿ ጭኗ ላይ ትመታለች። ዝም ብላ የምትጫወት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ኢያው ጥሪውን ቀየረ። ኦኮንኮሎውን የያዘው ወጣት ትንሽ ዘገየ። እሷ አልዘገየችም። አዲሱ ምት ላይ ቀድማው ደርሳለች! ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

የተቀደሰ ባታ ውስጥ አኛ አለ፣ መንፈሱ። ስለዚህ መሬት አይቀመጥም። ሴትም አትነካውም።

አጎቴ ኩባን ካነሳ ቡናው በረካ ሳይደርስ እንደማያባራ ታውቃላችሁ። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ወደ ወጣቶች ደሴት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነው። ስለ ባህሩ፣ ስለ ብርቱካን ለቀማው፣ ስለ ኳሱ... ስለ ባታ ግን አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ይሄን ስነግረው “አንቺ ምን አገባሽ?” አለኝ።

ምናልባት አያገባኝም። ከአፍሪካ ወደ ኩባ የተወሰዱት ሰዎች ባርነት ውስጥ ሆነው ነው ይሄን ያቆዩት። ኩባ ውስጥ ባርነት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ባይጠብቅ ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ነገር ይኖር ነበር? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኩባው ምሁር ፈርናንዶ ኦርቲዝ ሐቫና ውስጥ ባታን ለሕዝብ ሲያቀርብ እንኳ ያልተቀደሱ ከበሮዎች ናቸው የተመቱት። ይሄን አከብራለሁ። ከልቤ።

ግን ደግሞ ያናድደኛል። ኦቢኒ ባታ የሚባሉ ሴቶች አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተነሱ፤ ባልተቀደሰ ከበሮ መድረክ ላይ ይመታሉ። ሲያምሩ! ለመድረክ ይበቃል። ልጅቷ ግን ዓይኗ መሠዊያው ላይ ነበር።

እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ አንግቼ ነው ያደግሁት። ማንገቻው ትከሻዬን ሰንበር ያወጣበት ነበር፤ ለበዓል ሰሞንማ ነጠላ እንኳ ሲነካው ያመኛል። ማኅሌቱ ላይ ግን ከበሮው የወንዶቹ ነበር። ለምን እዚህ ተፈቅዶ እዚያ እንዳልተፈቀደ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሆኜ አልከበደኝም መሰለኝ። ወይም ከብዶኝ... አላውቅም።

እናቴ ታስታውስ ይሆናል። ስደውልላት እጠይቃታለሁ እላለሁ፤ ግን እሷ ደግሞ ስለዚያ ጊዜ ማውራት አትወድም...